ከጎጆዋ የጠፋችው የማርዋን ወፍ

ባለፈው ሳምንት ቤይሩት፣ ባውሽሪዬ ሰፈር፣ አንዲት የታመመች ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የጄኔሬተር ናፍጣ ሽታ ገና ከተወለወለ ደረጃ የበረኪና ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣብኝ። ቆምኩ። ደክሞኝ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ሙሉ ሐምሌና ነሐሴን የተነፈስኩት አየር ይሄው ነበር።

እናቴ ሰዓዳ ያንን ወቅት «ክረምት» ነው የምትለው። ከወሎ ይዛው የመጣችው ቃል ነው። ቤይሩት በሐምሌ ጠብታ ዝናብ አይጥልም፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። እሷ ግን «በዚህ ክረምት ልጄን የት ልጣላት?» ትል ነበር። ትምህርት ሲዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ትሄዳለች። የምትሠራው አምስተኛ ፎቅ፣ ማዳም ሱዓድ ቤት ነው። ማዳም ሱዓድ ባላቸው የሞቱባቸው፣ «ሜርሲ»፣ አመሰግናለሁ፣ ማለት የማይረሱ፣ ግን ሜርሲ የሚሉትን ሰው ቀና ብለው የማያዩ ሴት ነበሩ። የእናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ በእሳቸው ስም ነበር የሚታደሰው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር። እናቴ ያንን በር ስታልፍ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

የማዳም የልጅ ልጅ ሪታ ትባላለች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በጋውን አያቷ ጋ ነው የምታሳልፈው። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ሊፍቱም ስለሚሞቱ፣ የፎቁ ልጆች ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው ደረጃ ላይ እንሰበሰባለን። በባትሪ የሚሠራ የእጅ ጌም ያለው ያኔ ንጉሥ ነው። እኔም ነበረኝ። እናቴ እሑድ ገበያ የገዛችልኝ፣ መስታወቱ የተጫረ፣ የባትሪው ክዳን በፕላስተር የተያዘ።

ሁላችንም የምንጫወተው አንድ ጌም ነበር። ከደሴት ደሴት እየዞሩ ወፍ መያዝ ነው። ወፍ ቤት የሚባል ክፍል አለ፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ስድስት ጎጆ በዝርዝር ይታያል። ይህ ጌም ግን ሠሪዎቹ ያላዩት ስህተት ነበረው። ልጆቹ «ቀዳዳው» ይሉታል። ስድስተኛው ጎጆ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ ወደ ታች ሲጫኑ መስታወቱ ላይ ያለችው ጠቋሚ ጣት ከዝርዝሩ ትወጣለች። ከዚያ በታች ጎጆ የለም። ያለው ጌሙ ሆዱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሌላ ሌላ ነገር ነው፤ ቦርሳው፣ ደብዳቤዎቹ፣ የተጫዋቹ ስም። ጌሙ ግን ሞኝ ስለሆነ ሁሉም ወፍ ይመስለዋል። ግማሽ አካል ያለው ወፍ ያሳያል፣ ራሱ የቁጥር ክምር የሆነ ወፍ ያሳያል። ዘጠኝ ጊዜ ወደ ታች ተጭነው የያዙትን ወፍ እዚያ ካስቀመጡ፣ ወፉ ሁለት ይሆናል።

ዘጠኝ። ሁልጊዜ ዘጠኝ። የጣቶቼ ፍጥነት የተመሰከረለት ነበርና የደረጃውን ልጆች ወፍ ሁሉ ያባዛሁት እኔ ነኝ። እዚያ ማንም «የሠራተኛዋ ልጅ» አይለኝም፤ «ስጧት፣ ሃያት ትሥራው» ነው የሚሉት። ይህን ለመስማት ብቻ በየቀኑ መብራት እንዲጠፋ እመኝ ነበር።

ጌሙ ያለው ማጫወቻው ውስጥ በሚገባ ትንሽ ካሴት ላይ ነው፤ የሪታ ካሴት ግን ከእኛ ይለያል። የሁላችንም አረንጓዴ ሲሆን የሷ ብርማ ነው። ያው ጌም ነው፣ በኋላ የወጣ እትም። ካሴቱ የታላቅ ወንድሟ የማርዋን ነው። ማርዋን ለትምህርት ወደ ካናዳ ሲሄድ ለእህቱ ትቶላታል። ሦስተኛው ጎጆ ውስጥ ለዓመታት ያሳደጋት ሰማያዊ ወፍ አለች፤ ሉሉ ትባላለች። ማርዋን በነሐሴ መጨረሻ ለዕረፍት ሊመጣ ነው ሲባል ሪታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሲመለስ ካሴቱን ይዞ ይሄዳል» አለችኝ። «ሉሉን ሁለት አድርጊልኝ። አንዷ ለእሱ፣ አንዷ ለእኔ።»

«ምን ችግር አለው» አልኩ። ኩራት ነው እንዲህ ያሰኘኝ።

ልጆቹ ከበቡን። ሉሉን አነሳሁና ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ወደ ታች ወረድኩ። አምስት ስል ፊት የሌለው ወፍ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «ማሮ» የሚል ስም ነበረው። ማሮ ማርዋን ሲቆላመጥ ነው። ሪታ «ስሙ! የወንድሜ ስም!» ብላ ጮኸች፤ ሳቅን። ዘጠኝ ላይ አስቀመጥኳትና ተመለስኩ። ሦስተኛው ጎጆ ባዶ ነው። ደንግጬ ከወፍ ቤቱ ወጣሁ። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነበር፤ በር ባለፉ ቁጥር ጌሙ ያለበትን ሁኔታ ራሱ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ አጥፍተው ቢያበሩትም የጠፋው አይመለስም። ተመልሼ ገብቼ እንደገና ዘጠኝ ቆጠርኩ። ሉሉ የለችም። እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ የቁጥር ክምር ተቀምጧል።

ሪታ ጭኔ ላይ ያለውን የራሴን ጌምና ወፍ ከጌም ወደ ጌም የሚያሳልፈውን ገመድ አየች።

«ወሰድሻት» አለች። «በገመዱ ወደ አንቺ አሳለፍሻት!»

«አልነካሁም!»

«ሌባ!»

ማዳም ሱዓድ በሩን ከፍተው ወጡ። «ሹ ፊ? ምን ሆናችሁ?»

«ሃያት የማርዋንን ወፍ ሰረቀች!»

ማዳም ስለ ጌሙ ምንም የገባቸው ነገር አልነበረም። «ሰረቀች» የሚለው ግን ገባቸው። «ሐራሚዬ!» አሉ፣ ሌባ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው በደረጃው ወርዶ የሦስተኛና የአራተኛ ፎቅ በሮች ተከፈቱ። እናቴ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ መጣች። የተከፈቱትን በሮች አየች፤ እኔን አየች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

«ወስደሻል?» አለችኝ።

«አልወሰድኩም እማ።»

«ኸላስ፣ በቃ።» ወደ ማዳም ዞረች። «ማዳም፣ ልጄ አልወሰደችም።»

«ከነገ ጀምሮ ልጅቷ እዚህ ቤት እንዳትመጣ» አሉ ማዳም። «ማርዋን ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እጄን እንደያዘች ነበር። እኔ እያለቀስኩ «ታምኚኛለሽ?» አልኳት።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል አልሰማሽም? እኔ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ለምን አላምንሽም?» ትንሽ ሄድንና እንደገና ጠየቀችኝ። «ለመሆኑ ያች ወፍ ከዕቃው ውስጥ ወጥታለች ወይስ እዚያው ውስጥ ናት?»

አሰብኩ። «እዚያው ውስጥ ናት።»

«እንግዲያው ትገኛለች። ከቤት ያልወጣ ዕቃ የትም አይሄድ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ያለችንን አንድ የዕረፍት ቀን፣ ገበያ ሄድን። የኔ አረንጓዴ ካሴት እንደ ሪታው ስለማያደርግ መለማመጃ ብርማ ካሴት ያስፈልገኝ ነበር። ሻጩ ካሴቶቹን በካርቶን ሙሉ ደፍቷቸዋል። እናቴ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን እንደ ምስር ለቀመችው። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው፤ ሻጩ «ማዳም፣ ያላ፣ ቶሎ በይ!» ይላል፤ እሷ መልስም አትሰጠው። ከሥር፣ ከመጨረሻው ንብርብር፣ አንድ ብርማ ይዛ ቀና ስትል ፊቷ በላብ ያበራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀኖቼን ያሳለፍኩት ክፍላችን ውስጥ ነው። ክፍሉን ከጽጌ ጋር ነው የምንጋራው። ጽጌ ጴንጤ ናት፤ ጀማይዜ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ታጸዳለች፤ ሥራ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አብራኝ ትውላለች። ጉዳዩን ስነግራት ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ወፍ ካለችበት ግለጣት» ብላ ጸለየች። እናቴ በበኩሏ ከሶላቷ በኋላ ዱዓ ታደርጋለች። ወፏ በሁለት በኩል ተያዘች ብዬ ተጽናናሁ።

ግን አልተያዘችም። አዲስ ጨዋታ በራሴ ስም ጀመርኩ፤ አንዲት ተራ ወፍ ይዤ በቀዳዳው ዘጠኝ ወርጄ አስቀመጥኳት። ወጥቼ ስገባ የለችም። ስፈልጋት አንዴ አሥር ላይ፣ አንዴ አሥራ ሁለት ላይ አገኛታለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የመስታወቱ ምስል ባለበት ደርቆ ይቀርና አጥፍቼ አበራዋለሁ። ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ስንተኛው ላይ ምን እንዳለ፣ ከላይዋ ማን፣ ከታችዋ ማን።

በአሥራ አንድ ዓመት ጭንቅላቴ የደረስኩበት ድምዳሜ ወፏ ሰው ትሸሻለች የሚል ነበር። እኛ ሰፈር ፈቃድ የሌላቸው ሴቶች ፖሊስ መጣ ሲባል ከቤት ቤት ሲቀያየሩ ነበር የማውቀው። ወፏም ኢቃማ ስለሌላት በር በተከፈተ ቁጥር ክፍል ትቀይራለች። ስለዚህ ጌሙን አፌ ድረስ አስጠግቼ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ «አትፍሪ፣ እኔ ነኝ» እላት ነበር። ጽጌ ሰምታኝ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ደብተሩን ወርውሬ አለቀስኩ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምን ሆነሽ?»

«ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ! አንድ ቦታ አትቀመጥም!»

እናቴ ሳቀች። «መዝረዓ ሰፈር የነበረችኝ የመጀመሪያዋ ማዳሜ እንዲሁ ነበረች።»

«ወፍ ነበራት?»

«መደርደሪያ ነበራት። በየጠዋቱ የብልቃጦቹን ቦታ ትቀይራለች። ያኒ፣ ማለቴ፣ ምን እንደነካሁ ለማወቅ፤ የሚሰርቅ ሰው እጁን ሰዶ እንዳያገኝ። እኔ ደግሞ አዲስ ነኝ፣ ዓረብኛው አይገባኝም፣ ብልቃጡ ሁሉ ያው ነጭ ክዳን። ስኳር ስትለኝ ጨው እሰጣታለሁ። ስትጮኽ ብታያት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጠናኋት። ሰነፍ ናት። አንድ በአንድ አታዘዋውርም፤ ረድፉን እንዳለ ነው የምትገፋው። ቦታው ይለወጣል እንጂ ተራው አይለወጥም። ዛዕተር የሚሉት ቅመም ደግሞ በጠረኑ ይታወቃል፤ ክዳኑ ሳይከፈት ይሸተኛል። እሱን አገኝና ከሱ ቀጥሎ ሩዝ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ስኳር። ወር ሳይሞላ ሳላይ አመጣላት ጀመር። ጠንቋይ መሰልኳት መሰለኝ፣ መቀየሩን ተወችው።»

ደብተሩን ከወደቀበት አነሳሁ። ስሜ ሦስተኛው ላይ ሲሆን ወፏ አሥረኛው ላይ ናት። ስሜ አምስተኛው ላይ ሲሆን ወፏ አሥራ ሁለተኛው ላይ፤ በሁለቱም ልዩነቱ ሰባት ነው። ገጽ ገለጥኩ። ሰባት። ሌላ ገጽ። ሰባት። ወፏ አንድም ቀን ሸሽታ አታውቅም፤ ጎረቤቶቿን ሁሉ ይዛ ነበር የምትንቀሳቀሰው።

ካደግሁ በኋላ ነው በትክክል የገባኝ። የብርማውን ካሴት የሠሩት ሰዎች በር በታለፈ ቁጥር ጌሙ የሚያስታውሰውን ሁሉ በዘፈቀደ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲገፋው አድርገው ነበር፤ አጭበርባሪ እጁን ሰዶ እንዳያገኝ። የመዝረዓዋ ማዳም ያደረገችውን ነው ያደረጉት። እናቴ ጌም በእጇ ሳትይዝ ፈታችው።

«እማ፣ የተጫዋቹ ስም ነው ዛዕተሩ!» ብዬ ጮህኩ። «ሪታ የወንድሟን ስም አይታ ስትጮኽ አምስት ብዬ ነበር። ሉሉን ያስቀመጥኳት ዘጠኝ ላይ ነው። ከስሙ አራት ወደ ታች ናት!»

ቀሪውን ሳምንት በራሴ ወፍ ሞከርኩ። ወጥቼ እገባለሁ፣ ስሜን እፈልጋለሁ፣ ሰባት እቆጥራለሁ። ከወፍ ቤቱ እስካልወጣሁ ድረስ ምንም ንቅንቅ አይልም። ደብተሩ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳትኩም።

በእናቴ በኩል ብልክባትም ሪታ ጌሟን እንድነካ አልፈቀደችም። የማርዋን መምጫ አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ነጩን ሻርፗን አስራ ይዛኝ ሄደች። እናቴ ማዳምን ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም ነበር። የደመወዝ ጭማሪ እንኳ።

«ማዳም፣ ልጄ አንድ ጊዜ ትሞክር፣ እናንተ ፊት» አለች። «ወፏ ካልተገኘች እኔም ከልጄ ጋር እወጣለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ስለ መውጣት በመንገዳችን ሁሉ አንድም ቃል አልነገረችኝም ነበር።

መብራት የለም። ማዳም ወንበር አስወጥተው ደረጃው ራስ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ተሰበሰቡ። ሪታ ጌሙን ስትሰጠኝ በአንድ እጇ ጫፉን አልለቀቀችም።

«ሪታ፣ ያን ቀን ስሙን አይተሽ ስትጮኺ ስንት ብዬ ነበር?»

«አምስት» አለች ወዲያው። «አምስት ስትዪ ነው የጮኽኩት።»

ወፍ ቤቱ ገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... መስታወቱ ደረቀ።

«ጨረሰችው!» አለ አንድ ልጅ።

«ምንም አልሆነም» አልኩ። አጥፍቼ አበራሁ፣ ገባሁ። አሁንም ደረቀ። ማዳም ተነፈሱ። ከኋላዬ እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ለሦስተኛ ጊዜ ገባሁ። አንድ። ሁለት። አምስት ላይ ምንም። ስድስት። ሰባት ላይ ፊት የሌለው ወፍ፣ ከሥሩ «ማሮ»። ሪታ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ። ስምንት። ዘጠኝ። ጣቴ ዘጠኝ ላይ ሊቆም ፈለገ፤ በጋውን ሙሉ የለመደው ቁጥር ነው። አሥር። አሥራ አንድ።

ሰማያዊ። ሉሉ። ሙሉ ክንፍ፣ ሙሉ ስም።

አነሳኋት። እየቆጠርኩ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ሦስተኛው ጎጆ ውስጥ አስቀመጥኳትና ጌሙን ለሪታ ሰጠኋት። «አሁን አንቺ ውጪና ግቢ።» ሪታ በሩን አልፋ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። ሉሉ ጎጆዋ ውስጥ ናት። ልጆቹ ደረጃውን በጩኸት አናወጡት። ሪታ ጌሙን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ሌባ ማለት አልነበረብኝም» አለችኝ፣ እያለቀሰች።

ማዳም ተነሡ። «ብራቮ፣ ብራቮ። ያላ ሰዓዳ፣ ምሳ አልደረሰም።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«ማዳም፣ ልጄን ሌባ ያሏት እዚህ ነው። ሦስተኛ ፎቅም አራተኛ ፎቅም ሰምቷል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያልሰረቀች መሆኗንም እዚሁ ይስሙ።»

ከታች በሮቹ ተከፍተው ነበር፤ በጩኸቱ ሰው ወጥቶ ቀና ብሎ ያያል። የእናቴ ድምፅ ያንን በር ስታልፍ የሚቀንሰው ድምፅ አልነበረም። ማዳም ሱዓድ ጫማቸውን አዩ፣ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። «ፓርዶን፣ ይቅርታ» አሉ ለእናቴ፣ ዝቅ አድርገው።

«ለእኔ አይደለም።»

ማዳም ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቡናማ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። «ፓርዶን፣ ሃያት» አሉ፣ ደረጃው ሁሉ እንዲሰማ። «ምንም አልሰረቅሽም።»

ከዚያ እናቴ ምሳ ልትሠራ ገባች።

ኢቃማዋ በጊዜው ታደሰ። ማርዋን መጥቶ ታሪኩን ሲሰማ ደብተሬን አስመጥቶ ከዳር እስከ ዳር ገለጠው፤ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ ወጥ ቤት ያለችውን እናቴን በጣቴ አሳየሁት። ካሴቱንም ሉሉንም ለሪታ ትቶላት ሄደ።

እናቴ ግን ነገሩን ደረጃው ላይ አልተወችውም። እሑድ ስልክ ቤት ገብታ ወሎ ላለው ታላቅ ወንድሟ ለአያ ሰይድ ደወለች። እኔም እንድሰማ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«አያ ሰይድ፣ ሰው ሁሉ ያጣትን ወፍ ልጄ ፈልጋ አገኘቻት! ፎቁ በሙሉ አጨበጨበላት!»

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። «አልሐምዱሊላህ! ሰው አገር ወፍ ማግኘት ቀላል አይደለም» አለ አያ ሰይድ። «ክንፏ አልተጎዳም?»

እናቴ አየችኝ። ልታስረዳው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ደህና ናት» አለችው። «ሰማያዊ ናት።»

በወሩ ከወሎ የመጣች ሴት ስታገኘን፣ ከአምስት ፎቅ ጣሪያ ላይ ወፍ በእጇ የያዘችው ልጅ እኔ መሆኔን ጠየቀችኝ። እናቴ ቀድማ «እሷ ናት» አለች፤ እኔም አላስተባበልኩም።